ጤና ጣቢያ ከመሥራታችሁ በፊት ወረፋ ያዙ

ኅዳር ላይ አክስቴ ታማ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። የምሥራቅ ጎጃምን የኅዳር ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ስለ ብርዱ መንገር አያስፈልግም። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ቆርቆሮው ገና ዝገት አልነካውም። መቀመጫ ግን የለም። ያለው አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው፤ መስኮት የለውም፣ ግራና ቀኝ በር ብቻ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ተደርጎለት የተቀረው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አጠገባችን የነበረ ሰውዬ ያለማቋረጥ ይስላል። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጄ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ልሁን፣ ስሜ ሲጠራ ንገረኝ» አለችኝና ወጣች። ውጭም መቀመጫ ስለሌለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስሟ ሲጠራ በዚያ ሁሉ ጫጫታ እኔም አልሰማሁም። ወረፋችን አለፈ።

አርክቴክት ነኝ፣ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ያን ቀን የቆምኩት ግን እንደ አስታማሚ ነበር፣ እና ያየሁት ነገር ከቢሮ ወንበሬ ላይ ሆኜ ለዓመታት ያላየሁት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጤና ጣቢያ ለሚያሠሩ የቀበሌና የወረዳ ኮሚቴዎች፣ ለትውልድ ቦታቸው ገንዘብ ለሚያዋጡ፣ ያረጀ ሕንፃ ለሚያድሱ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ገና ለሚጀምሩ ወጣት መሐንዲሶች ነው። አብዛኛው ለትምህርት ቤትም፣ ለፍርድ ቤትም፣ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ይሠራል፤ ሰው የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ አንድ ነው።

መጀመሪያ ሂዱና ጠብቁ

ፕላን ከመሳሉ በፊት አሁን ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጡ። ቀኑ የገበያ ቀን ይሁን። አብዛኛው የገጠር ሰው ሕመሙን ይዞ የሚመጣው ለገበያ ሲወጣ ነው፤ ማክሰኞ ባዶ የሚመስለው ግቢ ቅዳሜ አይበቃም። በእኛ ሀገር አሠራር ገጠር ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ያህል እንዲያገለግል ነው የሚታሰበው፣ ከሥሩም አምስት ጤና ኬላዎች አሉት። ይህን ሕዝብ በአማካይ አትቁጠሩት። በገበያ ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ስንት ሰው አለ? እሱን ቁጠሩ። ከታማሚው ጋር የመጣውን አስታማሚም ቁጠሩ፤ እኛ ጋ ብቻውን የሚመጣ ታማሚ ጥቂት ነው።

ስትቀመጡ የምታዩትን ጻፉ። ሰው የት ይቆማል? ማን ማንን መንገድ ይጠይቃል? እናቶች ልጅ የሚያጠቡት የት ነው? ጥበቃው በቀን ስንት ጊዜ «ካርድ ክፍል በዚያ ነው» ይላል? ጥበቃው ይህን ሃምሳ ጊዜ የሚናገር ከሆነ የካርድ ክፍሉ ቦታው ተሳስቷል ማለት ነው። ጽዳት ሠራተኞቹንም ጠይቁ። ውሃ የሚተኛበትን ጥግና ሰው ጨለማ ፈርቶ የማይሄድበትን ሽንት ቤት ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፕላኑን ሜዳ ላይ በአመድ ሥሩት

ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም። ዋጋው ግን አንድ ከረጢት አመድ፣ ጥቂት ችካልና ገመድ ነው። ፕላኑ ተስሎ ሲመጣ ኮሚቴው ወረቀቱን አይቶ «ጥሩ ነው» ይላል፣ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስላል። እናንተ ግን ፕላኑን ይዛችሁ ሜዳ ውጡ። ክፍሎቹን በትክክለኛ ልካቸው በገመድ ለኩና መስመሩን በአመድ ወይም በኖራ አስምሩ። በሮቹን ክፍት ተዉአቸው።

ከዚያ ሰው አስገቡበት። አንዲት ነፍሰ ጡር፣ በከዘራ የሚሄዱ አንድ አባት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ነርሶቹንም ጨምራችሁ። ከዕድሩ ቃሬዛ ተዋሱና አራት ጎረምሳ ሰው ጭኖበት ከበሩ እስከ ድንገተኛ ክፍሉ ይሂድ። ቃሬዛው ከነተሸካሚዎቹ አራት ሜትር ይጠጋል። መታጠፊያው ላይ አመዱን ከረገጡት ግድግዳው እዚያ መሆን የለበትም። ዛሬ በእግር የተረገጠ አመድ ነገ ከሚፈርስ ብሎኬት ይሻላል፣ ደግሞም ሕዝቡ «የእኛ ነው» ማለት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፀሐይና ነፋስ

ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 እና 11 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው። ይህ ማለት ፀሐይ በእኩለ ቀን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድረስ በስተሰሜን በኩል ታዘነብላለች፣ በቀሩት ወራት በስተደቡብ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሰኔ ውስጥ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ፣ ታኅሣሥ ውስጥ ደግሞ ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ገደማ። ሁለቱም ከአናት ብዙ አይርቁም፣ ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ያለን ግድግዳ ማጥላት ቀላል ነው። ጣሪያው አንድ ሜትር ወጣ ካለ በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ግድግዳውን ወደ ታች አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያጠላዋል። አስቸጋሪዎቹ ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። በተለይ የምዕራብ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በአግድም ገብታ የመድኃኒት መጋዘን ታሞቃለች። ስለዚህ ሕንፃው ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፣ ትልልቆቹ መስኮቶች ሰሜንና ደቡብ ይዩ።

ነፋሱን ደግሞ ገበሬ ጠይቁ። አውድማ ላይ እህል ያነፈሰ ሰው ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። መንሹን ይዞ ጀርባውን የሚሰጥበትን አቅጣጫ አሳዩኝ በሉ። የክረምቱንም ለይታችሁ ጠይቁ፣ ዝናቡ ከየት በኩል እየገረፈ እንደሚመጣ። ይህን ሳይጠይቁ በረንዳውን ዝናቡ ወደሚመጣበት ያዞሩ ሰዎች ሐምሌ ላይ በረንዳቸውን ሲቆልፉ አይቻለሁ።

የመጠበቂያው ቦታ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በፊት የሚረሳው ይህ ነው።

ታማሚ ጤና ጣቢያ ውስጥ አብዛኛውን ሰዓቱን የሚያሳልፈው ሐኪም ፊት አይደለም። ወረፋ ላይ ነው። ካርድ ይጠብቃል፣ ምርመራ ይጠብቃል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠብቃል፣ መድኃኒት ይጠብቃል። እኛ ግን ፕላን ስንስል ክፍሎቹን እንደረድርና የተረፈውን ቦታ «ኮሪደር» ብለን ሰዉን እዚያ እንጨምረዋለን።

ለዚህ መልሱን ከሩቅ ማምጣት የለብንም። ቤተ ክርስቲያናችንን እዩ። ደጀ ሰላሙ አለ፤ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ ዝክር የሚቀመስበት፣ ሰው ተቀምጦ የሚያወራበት። ከዚያ ዛፍ የሞላበት ቅጽር አለ። ከዚያ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ከውጭ ወደ ውስጥ በየደረጃው ነው የሚገባው፣ ሁሉም ሰው የትኛው ድረስ እንደሚገባ ያለ ማስታወቂያ ያውቃል። ጤና ጣቢያም እንዲህ መሆን ይችላል። መጀመሪያ ሁሉም የሚገባበት ክፍት ግቢና ዳስ፣ ቀጥሎ ጣሪያ ያለው በረንዳ፣ ከዚያ የምርመራ ክፍል፣ በመጨረሻ ማዋለጃውና የተኝቶ መታከሚያው። ሳል ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ክልል ሳያልፍ ቢታይ አክስቴ አጠገብ አይቀመጥም ነበር።

በሰሜን ሩዋንዳ የቡታሮ ሆስፒታል በ2011 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ያደረገው ይህንኑ ነው። መጠበቂያውንና ኮሪደሩን ወደ ውጭ አወጣው፣ በጣሪያ ብቻ ከልሎ፤ ምክንያቱም የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በተዘጋ ክፍል አየር ነው። ግንቡንም የአካባቢው ግንበኞች በአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሠሩት። እኛም ጥቁሩ ድንጋይ ሞልቶናል፣ ግንበኛም አናጣም።

እንዴት ትሠሩታላችሁ? ደጋ ላይ ከሆናችሁ፣ ማለትም ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ከጮቄ ሥር ያሉ ወረዳዎች፣ ዋናውን የመጠበቂያ በረንዳ በምሥራቅ ጫፍ አድርጉት። ሰው የሚደርሰው በጠዋት በብርድ ነው፣ ፀሐይ መሞቅ ይፈልጋል። በረንዳው 2.5 ሜትር ስፋት ኖሮት የጣሪያው ጠርዝ ከመሬት 2.6 ሜትር አካባቢ ከሆነ እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ የተቀመጠው ሰው ላይ ይደርሳል፣ ረፋዱ ላይ ጣሪያው ራሱ ያጠላል። ማንም ምንም መክፈትና መዝጋት የለበትም። ቆላ ከሆናችሁ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ያላችሁ፣ በተቃራኒው በረንዳውን ወደ ሰሜን አድርጉትና ጣሪያውን ከፍ አድርጉ። ስፋቱን ግን ከ2.5 ሜትር አታሳንሱ። ተቀማጩ እግሩን ሲዘረጋ 90 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፣ የቀረው ለሚያልፈው ሰውና ለተሽከርካሪ ወንበር ነው።

መቀመጫውን እንደ ቤታችን መደብ ከግድግዳው ጋር አብራችሁ በድንጋይ ገንቡት። አይሰበርም፣ አይሰረቅም። ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር፤ ድንጋዩ ስለሚቀዘቅዝ ላዩን ጣውላ አልብሱት። አንድ ሦስተኛው ያህል ክንድ ማስደገፊያ ይኑረው፣ ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ተደግፈው እንዲነሡ። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ሰፋ አድርጋችሁ ሰው ጋደም የሚልበት ሥሩ። በረንዳውን ከነፋስ ለመከለል የእንጅባራ ቀርቀሃ ጥሩ ነው፤ በደንብ የጎለመሰውን በበጋ ቁረጡት፣ መድኃኒት ያልነካው ቀርቀሃ ግን ነቀዝ ይጨርሰዋል።

አየር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በተፈጥሮ አየር ለሚናፈስ ተመላላሽ ክፍል ለአንድ ታማሚ በሰከንድ 60 ሊትር ንጹሕ አየር ይላል። በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት ሰው ክፍል 160 ሊትር። ቁጥሩ አያስፈራችሁ። ሦስት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ የምርመራ ክፍል 36 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰከንድ 60 ሊትር ማለት የዚያ ክፍል አየር በሰዓት ስድስት ጊዜ ይቀየር ማለት ነው። መስኮት በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ይህ በእርግጠኝነት አይገኝም። በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ መክፈቻ ከኖረ ግን ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር ካሬ የተከፈተ ቀዳዳ በሁለቱም በኩል ካለ፣ ቅጠል እንኳ የማታወዛውዝ ቀላል ነፋስ፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የምትሄድ፣ 160 ሊትር ያህል ታስገባለች። የሚወስነው ከሁለቱ ትንሹ ቀዳዳ ነው። በአንድ በኩል ትልቅ መስኮት፣ በሌላው የጡብ ስፋት ያላት ቀዳዳ ካደረጋችሁ ክፍሉ የሚተነፍሰው በጡቧ ቀዳዳ ልክ ነው።

አሮጌ ሕንፃዎችን አትናቁ። ፔሩ ሊማ ውስጥ የተሠራና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑ የድሮ ሆስፒታሎች ከአዲሶቹ ይልቅ አየራቸው ቶሎ ቶሎ እንደሚቀየር አሳይቷል። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው የቆየ ሕንፃ ካላችሁ ኮርኒሱን አታውርዱት።

የእኛ ችግር ግን ብርዱ ነው። መስኮት ብትሠሩም ሰው ይዘጋዋል፣ ልክም ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መክፈቻ ሥሩ። አንዱ እንደ ፍላጎት የሚከፈት ተራ መስኮት፤ ሌላው ከኮርኒሱ ሥር ከሰው አናት በላይ፣ ወንፊት ብቻ ያለው፣ መዝጊያ የሌለው፣ በሁለቱም ግድግዳ ላይ። ብርዱ ሰው ላይ ሳያርፍ የሞቀው አየር ከላይ ይወጣል። ሠራተኛው መጥቶ በላስቲክ እንዳይወትፈው ለምን እንደተሠራ አስረዱት።

የወንበሩ አቀማመጥም ትልቅ ነገር ነው፣ ወጪውም ዜሮ ነው። ንጹሕ አየር በሚገባበት በኩል ጤና ባለሙያው ይቀመጥ፣ በሚወጣበት በኩል ታማሚው። ይህን ካገላበጣችሁት ባለሙያው ቀኑን ሙሉ የታማሚን ሳል ሲተነፍስ ይውላል። አየሩ በየት እንደሚሄድ ለማወቅ የወይራ ጭራሮ ለኩሱና አጥፉት፣ ጭሱን ተከተሉት። ዛሬውኑ ባለው ክፍላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

አንድ ለየት የሚል ቦታ አለ፣ ማዋለጃ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ብርድ አይችልም፤ የማዋለጃ ክፍል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሞቆ ነፋስ እንዳይመታው ነው የሚመከረው። የደብረ ማርቆስ ሌሊት ከዚህ በጣም ይርቃል። እዚያ መስኮቱ በደንብ የሚገጥም ይሁን፣ ማሞቂያ የሚሰካበት በቂ መስመር ይዘርጋ።

መግቢያ፣ ራምፕ፣ በር

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ጭምር መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ብዙ ቦታ ራምፕ፣ ማለትም ያለ ደረጃ የሚወጣ ተዳፋት፣ አለ፣ ግን ለይስሙላ ነው፤ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ሰው ሊወጣው የማይችል። ልኩ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። ወለሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ ስድስት ሜትር መርዘም አለበት። ይህ ርዝመት ቦታ የሚፈጅ ከመሰላችሁ ወለሉን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም አፈሩን በዝግታ ሙሉት፤ ደረጃም ራምፕም ሳይኖር ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ ቢገባ ከሁሉ ይሻላል። ስፋቱ ከ120 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ላዩን ሊሾ አታድርጉት፣ ሐምሌ ላይ ያንሸራትታል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አሻክሩት።

የተራ ክፍል በር 90 ሴንቲ ሜትር፣ አልጋ የሚያልፍበት 120። አልጋ የሚተላለፍበት ኮሪደር ካለ 2.4 ሜትር።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ፣ ቢቸናና ደጀን አካባቢ እንደምናውቀው፣ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ራምፑን ከሕንፃው ይለየዋል። መሠረቱን ዋልካውን አልፋችሁ አውርዱ፣ ከግድግዳው ሥር ዙሪያውን ውሃ የሚያርቅ የሲሚንቶ ወለል ሥሩ።

ካርድ ክፍልና ምስጢር

ካርድ ክፍል ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ትንሽ የመስኮት ቀዳዳ አለች። ታማሚው አጎንብሶ አፉን ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን ይጮኻል። ከኋላ ያለው ሁሉ ይሰማል። ሽማግሌ ሰው እንዲህ አጎንብሶ ማናገር ነውር ነው፣ በቤታችን አናደርገውም። ቀዳዳዋን አስፉት። ጠረጴዛውን 75 ሴንቲ ሜትር አድርጉና ሁለቱም ተቀምጠው ይነጋገሩ። ወረፋው ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ እንዲቆም ወለሉ ላይ መስመር አስምሩ።

ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በሮቹን በቀለም ለዩ። ላቦራቶሪው ቢጫ፣ መድኃኒት ቤቱ አረንጓዴ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍሉ ሰማያዊ፤ «ሰማያዊው በር ጋ ሂጂ» ማለት ይበቃል። የኤች አይ ቪ ክትትል ክፍሉን ግን በቀለምም በጽሑፍም አትለዩት። ሰው በዚያ በር ሲገባ መታየቱን ፈርቶ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል።

በክፍሎች መሃል ያለውን ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ አድርሱት። ኮርኒሱ ላይ ከቆመ ድምፁ በኮርኒሱ በላይ አልፎ ጎረቤት ክፍል ይገባል፣ የአንዷ ሴት ጉዳይ ለሌላዋ ይሰማል። የምርመራው አልጋም በሩ ሲከፈት ከውጭ የሚታይበት ቦታ ላይ አይሁን፤ በሩ ወደ አልጋው በኩል ተከፍቶ ራሱ ይከልል።

ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል

የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሪትዝከር የተባለውን ትልቁን የአርክቴክቶች ሽልማት የወሰደው የመጀመሪያው አፍሪካዊ፣ ላኦንጎ በምትባል መንደር የጤና ማዕከል ሲሠራ መስኮቶቹን በተለያየ ከፍታ አደረጋቸው። አንዱ ለቆመ ሰው፣ አንዱ ለተቀመጠ፣ አንዱ ለተኛ። እንዲህ ያለው ነገር ከሲሚንቶ በላይ ማሰብ ነው የሚፈልገው። የተኛ ሰው የሚያየው ኮርኒሱን ነውና አምፖሉን ከዓይኑ ቀጥታ በላይ አታድርጉበት። መስኮቱን ዝቅ አድርጉለትና ዛፍ ይይ። በ1984 እ.ኤ.አ. ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጽሮ፣ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚያዩት ቀድመው እንደወጡና ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ እንደወሰዱ አሳይቷል።

ዛፉን ግን ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሳይሆን መሬቱ በተሰጠ ክረምት ትከሉት። ግንባታው ሁለት ዓመት ቢፈጅ ዋንዛው ሁለት ዓመት ይቀድማል። ባሕር ዛፍ ከጉድጓድ ውሃና ከመሠረት አርቁ።

አስታማሚውንም አትርሱት። አልጋው አጠገብ አንድ ሰው የሚቀመጥበትና ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድርበት ቦታ ይኑር። የእናቶች ማቆያ ካላችሁ ጭስ ማውጫ ያለው ማብሰያ አብሮት ይሠራ፤ ገንፎና ቡና የሌለበት አራስ ቤት ለእናቶቻችን ባዕድ ነው።

ዝናብና ውሃ

ቆርቆሮ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ፣ ይልቁንም በረዶ ሲጥል፣ በማዳመጫ የልብ ምት መስማት አይቻልም። የምርመራ ክፍሎች ወፍራም ኮርኒስ ይኑራቸው፤ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ለነሱ ቅድሚያ ስጡ።

ያንኑ ዝናብ ያዙት። ደብረ ማርቆስ ላይ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 200 ካሬ ጣሪያ 260 ሺህ ሊትር ይቀበላል፤ ሩብ ያህሉ ቢባክን እንኳ ከ190 ሺህ በላይ ይቀራል። ለአንድ ተመላላሽ ታካሚ 5 ሊትር፣ ለተኛ ሰው በቀን ከ40 እስከ 60፣ ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር ነው የሚታሰበው። ሃምሳ ሰው በቀን ከታየ 250 ሊትር፤ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለተመላላሾቹ ብቻ 40 ቀን ይበቃል። ስለዚህ የሚያጥረው ማጠራቀሚያው እንጂ ዝናቡ አይደለም። አሸንዳው ከመጀመሪያው በፕላኑ ይግባ፣ የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ የሚወገድበት ቧንቧ ይኑረው፣ ለመጠጥ ከሆነ ይታከም። እጅ መታጠቢያው በየምርመራ ክፍሉ ውስጥ ይሁን።

ሽንት ቤቱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የሽታ ማውጫ ቱቦው ከጣሪያው 50 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ፣ አናቱ ላይ ወንፊት ይታሰርበት። የሴቶቹ በር ከሩቅ የሚታይ፣ መብራት ያለበት መንገድ ላይ ይሁን።

ለሠራተኛው

ተረኛ ነርስ የምታርፍበት፣ መስኮት ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል። ምሳ የሚበሉበት ቦታ፣ ከታካሚ ዕይታ ወጣ ያለ። ብዙ ጊዜ መጋዘን ሆኖ የሚቀረው ይህ ክፍል ነው፤ አታስነጥቋቸው።

ገንዘብ ሲያጥር

ያጥራል። ኮሚቴው ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቀንሰው በረንዳውን ነው፣ «ክፍል እንኳ አይደለም» ተብሎ። እኔ ይልቅ ሴራሚኩን ቀንሱ እላለሁ፣ የፊት ለፊቱን መስታወት፣ ትልቁን የብረት በር፣ ቅስቱን ቀንሱ። በረንዳውን፣ ከላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች፣ ራምፑንና አሸንዳውን አትንኩ። ሴራሚክ በኋላም ይነጠፋል፤ ጠባብ የተሠራ በረንዳን ግን ማስፋት ጣሪያውን ማፍረስ ነው።

ከተመረቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። አንዴ በገበያ ቀን፣ አንዴ ሐምሌ ላይ ዝናብ በያዘበት ሰዓት። ጠመኔ ይዛችሁ ሂዱና ሰው በእውነት የተቀመጠበትንና ውሃ የተኛበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሰው መደቡን ትቶ ሌላ ቦታ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ምን ሽቶ እንደሆነ ጠይቁት፤ ፀሐይ ይሆናል፣ ስሙ ሲጠራ መስማት ይሆናል። ቀጣዩን አግዳሚ እዚያ አስቀምጡለት።